ጦርነቱን የተሸከሙ ሰዎች

የጦርነትን ታሪክ ማንበብ የሚወድ ወጣት ብዙ ነው። እኔም በልጅነቴ ከነዚህ አንዱ ነበርሁ። የጦር አለቆችን ስም፣ የመድፉን ዓይነት፣ ጦር የተገጠመበትን ቀን በቃሌ አጥንቼ ለባልንጀሮቼ ስናገር ደስ ይለኝ ነበር። ይህ ምንም ነውር የለበትም፤ ታሪክን መውደድ ከየትም ቢጀመር መልካም ነው። ዳሩ ግን ታሪክን የሚወድ ሰውና ታሪክን የሚመረምር ሰው አንድ አይደሉም። የሚወደው የተነገረውን ይሰማል፤ የሚመረምረው ግን ስላልተነገረው ይጠይቃል፤ ብዙ ጊዜም መልስ ሳያገኝ ይውላል።

አሁን የምነግርህ ስለ መጀመሪያው የዓለም ጦርነት ነው። ዓመቶቹን የምጠራው፣ የኛን መሆኑን ካልገለጽሁ በቀር፣ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ነው። ይህ ጦርነት በ1914 ዓ.ም. የኦስትሪያ አልጋ ወራሽ በሰራዬቮ ከተማ ከተገደለ በኋላ ተነሥቶ በኖቬምበር 11 ቀን 1918 ዓ.ም. እንደ ቆመ በትምህርት ቤት ተምረኸዋልና አልደግመውም። ስለ ቬርደንና ስለ ሶም፣ ስለ ምሽጉና ስለ መርዝ ጢሱም ሲኒማው ሳይቀር ያሳይሃል። እኔ ግን ከኛ አገር በስተደቡብ፣ በምሥራቅ አፍሪካ ስለ ተደረገው እነግርሃለሁ።

በታሪክ መምህርነት ሳገለግል አንድ ቀን ስለ ታንጋ ውጊያ አስተምር ነበር። ታንጋ ዛሬ በታንዛንያ ግዛት ያለ የባሕር ወደብ ነው፤ በዚያን ጊዜ አገሩ የጀርመን ቅኝ ግዛት ነበረ። በኖቬምበር መጀመሪያ 1914 ዓ.ም. እንግሊዞች ከሕንድ ያመጡትን 8,000 የሚያህል ጦር በዚያ አወረዱ። የጀርመኑ አዛዥ ፓውል ፎን ሌቶ ፎርቤክ የነበረው ጦር 1,000 የሚያህል ብቻ ሲሆን፣ ይልቁንም የሚበዙት አስካሪ የሚባሉ አፍሪካውያን ወታደሮች ነበሩ። ውጊያው ሲጋጋም ተኩሱ ያስቈጣቸው ንቦች ከየዛፉ ተነሥተው ሁለቱንም ወገን ይነድፉ ጀመር፤ እንግሊዞችም ድል ሆነው ወደ መርከባቸው ተመለሱ። የንቡ ነገር ተማሪዎቹን እጅግ አሳቃቸው። ከሣቁ በኋላ ግን ብዙ ጊዜ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ የሚያንቀላፋ አንድ ልጅ እጁን አነሣና፣ «ጋሼ፣ ይኼ ሁሉ ሰው አራት ዓመት ሙሉ በበረሃ ሲዋጋ ምን ይበላ ነበር? ማንስ ያመጣለት ነበር?» አለኝ። አባቱ የእህል ነጋዴ እንደ ሆነ ኋላ ሰማሁ፤ የስንቅ ነገር ከሁሉ ቀድሞ የታየው ስለዚህ ይሆናል።

በዚያን ጊዜ በእጄ የነበሩት መጻሕፍት ስለ አዛዦቹ እንጂ ስለ እህሉ አይናገሩም ነበር። የልጁ ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ላልጨረስሁት ምርመራ ምክንያት ሆነኝ።

በዚያ አገር መንገድ አልነበረም። የባቡር ሐዲድ በሁለት ወይም በሦስት ስፍራ ብቻ ነበረ። ፈረስና በሬ፣ በቅሎም ጭምር፣ ገንዲ በሚያመጣው ዝንብ ያልቁ ነበር። መኪና በዝናም ጊዜ ጭቃ ይውጠዋል። ስለዚህ ጥይቱም፣ ዱቄቱም፣ የመኰንኑም አልጋ ሳይቀር የሚሄደው በሰው ራስ ላይ ነበረ።

እስቲ ከኔ ጋር አንድ ጊዜ ሒሳብ እንሥራ፤ የስንቅ ታሪክ ያለ ሒሳብ አይገባምና። አንድ ተሸካሚ 25 ኪሎ ዱቄት ይሸከማል እንበል። እርሱም ሰው ነውና በቀን አንድ ኪሎ ይበላል። ወታደሩ ያለበት ስፍራ የአሥር ቀን መንገድ ቢሆን፣ ሲሄድ አሥር ኪሎ፣ ሲመለስ አሥር ኪሎ ይበላና ለወታደሩ የሚደርሰው አምስት ኪሎ ብቻ ነው። አንድ ሺህ ወታደር በቀን አንድ አንድ ኪሎ ቢበላ፣ በየቀኑ ሁለት መቶ ተሸካሚ መድረስ አለበት። እያንዳንዱም ለመሄድና ለመመለስ ሃያ ቀን ስለሚፈጅበት፣ አንድ ሺህ ወታደር ለመመገብ አራት ሺህ ተሸካሚ ሳያቋርጥ መመላለስ አለበት ማለት ነው። ይህም ጥይቱንና መድኃኒቱን ሳንቈጥር፣ የታመመውንና የሞተውን ሳንቈጥር ነው። መንገዱ ወደ አሥራ ሁለት ቀን ተኩል ቢረዝም ደግሞ ተሸካሚው የተሸከመውን ሁሉ ራሱ በልቶ ይጨርሰዋል፤ ለወታደሩ ምንም አይደርስም። እንግዲህ የጦር አለቆች ወደ ፊት ገፍተን ሄድን ብለው በጻፉ ቍጥር፣ ከኋላቸው ስንት ሰው ረኃብ ተቀብሎ እንደ ተጓዘ ከዚህ መገመት ትችላለህ።

እንግሊዞች በዚህ ዘመቻ ለተሸካሚነትና ለጕልበት ሥራ ከአፍሪካውያን የሰበሰቡት ሰው በጠቅላላው ወደ አንድ ሚሊዮን እንደሚደርስ የታሪክ ሊቃውንት ይገምታሉ። በመጀመሪያ ወዶ የገባ ነበረ፤ ኋላ ግን በ1917 ዓ.ም. በኬንያ ጆን አይንስዎርዝ የሚባለው ሹም በየአውራጃው ያሉትን ባላባቶች እያዘዘ ከ100,000 በላይ ሰው በግዴታ አስነሣ። ከነዚህ ተሸካሚዎች የሞቱት 95,000 ወይም 100,000 ይሆናሉ ተብሎ ይገመታል። በዚያው ዘመቻ በጠመንጃ ከተዋጉት ከሞቱት ይልቅ የነዚህ ቍጥር ብዙ እጥፍ ነው። የገደላቸውም ጥይት አይደለም። ተቅማጥ፣ የሳምባ በሽታና ወባ ነው። ከደጋ የመጣው ሰው የቆላ ወባ ጣለው፤ ሙዝና ዳጉሳ የለመደው ሰው በደንብ ያልተፈጨና ያልበሰለ የበቆሎ ዱቄት ተሰጥቶት አንጀቱ ቈሰለ። የእህል ወፍጮ ሻካራ በመሆኑ ሰው የሚሞትበት ጦርነት ይኖራል ብሎ ማን ያስባል?

ከወታደርና ከተሸካሚ ሌላ ደግሞ ምንም ያልተሸከመ፣ ከቤቱ ያልወጣ ሕዝብ ነበረ። በመካከለኛው ታንዛንያ በዶዶማ አካባቢ የሚኖሩት የጎጎ ሰዎች፣ መጀመሪያ ጀርመኖች ከዚያም እንግሊዞች እህላቸውንና ከብታቸውን፣ ጐልማሶቻቸውንም ወሰዱባቸው። በዚህ ላይ ዝናም ጠፋ። ከ1917 ዓ.ም. ጀምሮ የመጣውን ረኃብ እነርሱ «ምቱንያ» ብለው ይጠሩታል። ይህ ስም በጦር መኰንኖች መጽሐፍ ውስጥ አይገኝም፤ የተገኘው ኋላ የመጡ መርማሪዎች ወደ መንደሩ ሄደው ሽማግሌዎችን ስለ ጠየቁ ነው።

ወደ ናይሮቢ በሄድሁ ጊዜ ስለዚህ ነገር ምን ምልክት እንደ ቀረ ለማየት ፈለግሁ። በኬንያታ ጐዳና ላይ በ1920ዎቹ የቆመ የነሐስ ሐውልት አለ፤ ሦስት ምስሎች ያሉት ሲሆን ከሦስቱ አንዱ ተሸካሚ ነው። በሐውልቱ ላይ በእንግሊዝኛ፣ በስዋሂሊና በዓረብኛ ጽሕፈት ተቀርጿል፤ የአንድ ተሸካሚ ስም ግን የለበትም። ከዚያ ካሪዮኮር ወደሚባለው ገበያ ሄድሁ። በዳሬሰላምም ካሪያኮ የሚባል ታላቅ ገበያ አለ። ሁለቱም ስሞች የመጡት የተሸካሚዎቹ ጭፍራ በእንግሊዝኛ «ካሪየር ኮር» ይባል ስለ ነበረ ነው፤ ሰፈራቸው በዚያ ነበረና። ቅርጫት የምትሸጥ አንዲት ወጣት የሰፈሩ ስም ምን ማለት እንደ ሆነ ብጠይቃት፣ «የገበያው ስም ነዋ!» ብላ ሣቀችብኝ። ቅርጫት ገዛኋት። ዋጋውን ሳትጨምርብኝ አልቀረችም።

እኛ ኢትዮጵያውያን «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» እንላለን። ነገሩ እውነት የሚሆነው ግን ስሙን የጻፈ ወይም ያስታወሰ ሰው ሲኖር ነው። በ1917 ዓ.ም. እንግሊዞች የጦር መቃብሮችን የሚጠብቅ አንድ ኮሚሽን አቋቋሙ። ሐሳቡ ለዘመኑ ያልተለመደና የሚያስመሰግን ነበረ፤ ጄኔራሉም ተራ ወታደሩም አንድ ዓይነት የመቃብር ድንጋይ እንዲቆምለት፣ በማዕርግና በዘር፣ በሃይማኖትም ልዩነት እንዳይደረግ ተወሰነ። በፈረንሳይና በቤልጂግ ያሉትን መቃብሮች ያየ ሰው ይህ እንደ ተፈጸመ ይመሰክራል። በአፍሪካ ግን አልተፈጸመም። በ2021 ዓ.ም. ኮሚሽኑ ራሱ ያቋቋመው አጣሪ ጉባኤ ባወጣው ጽሑፍ፣ ቢያንስ 116,000፣ ምናልባትም እስከ 350,000 የሚደርሱ ሙታን ስማቸው ሳይጻፍ፣ አንዳንዶቹም ጭራሽ ሳይታወሱ እንደ ቀሩ ገለጸ። ከነዚህም የሚበዙት የአፍሪካና የመካከለኛው ምሥራቅ ሰዎች ናቸው። ኮሚሽኑም ይቅርታ ጠየቀ።

በ116,000 እና በ350,000 መካከል ያለውን ልዩነት ልብ በል። ከ230,000 ይበልጣል። ይህ የብዙ ከተሞች ሕዝብ ነው፤ እኛ ግን «ምናልባት» በምትባል አንዲት ቃል እናልፈዋለን።

አንዳንድ ሰው፣ የሞተ ሰው ስሙ ቢጻፍ ባይጻፍ ምን ይጠቀማል ይል ይሆናል። መልሱ ከባድ አይደለም። ከሞቱት ተሸካሚዎች የብዙዎቹ ደመወዝ ለሚስቶቻቸውና ለልጆቻቸው ሳይደርስ ቀርቷል። ጸሐፊው በችኰላ እንደ ሰማው ከጻፈው ስም፣ ስሕተት ከሆነ የመንደር ስም፣ ወራሽን ማግኘት አይቻልምና። ለነዚያ ልጆች የስማቸው መጥፋት የሐውልት ጕዳይ ሳይሆን የዳቦ ጕዳይ ነበረ።

ሌላም ምሳሌ አለ፤ እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው። በፌብሩዋሪ 21 ቀን 1917 ዓ.ም. ለጕልበት ሥራ ወደ ፈረንሳይ የሚሄዱ ጥቁር ደቡብ አፍሪካውያንን ያሳፈረች «ሜንዲ» የምትባል መርከብ፣ በእንግሊዝ ባሕር በጉም ውስጥ ከሌላ መርከብ ጋር ተጋጭታ ሰጠመች። ከ600 በላይ ሰዎች ሞቱ። የነርሱ ስም በእንግሊዝ አገር በሳውዝሃምፕተን ከተማ ሆሊብሩክ በሚባለው መካነ መቃብር በሐውልት ላይ ተጽፏል። የእነርሱው ወንድሞች፣ እንደነርሱ ለጕልበት ሥራ የተሰለፉት፣ በአፍሪካ ምድር የሞቱት ግን ስማቸው የተተከለው በጃንዩዋሪ 2025 ዓ.ም. ነው። በኬፕታውን ከተማ መካከል ባለው የአትክልት ስፍራ ከ1,700 በላይ የእንጨት ዓምዶች ቆመዋል፤ በእያንዳንዱ ዓምድ ላይ የአንድ ሰው ስም አለ። አገሩ አንድ ነው፣ ሥራው አንድ ነው፤ የሚለየው የሞቱበት ቦታ ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት መቶ ዓመት ከምናምን መጠበቅ ሆነባቸው።

ይህን ሳነብ በእንግሊዞች ለመፍረድ ቸኵዬ ነበር ብል አልዋሽም። ይሁን እንጂ መርማሪ ሰው ወደ ራሱም ቤት ማየት አለበት። በ1946 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ፋሺስት ኢጣልያ በአገራችን ላይ ያደረሰውን ጥፋት ሲገልጽ፣ የሞቱት 760,300 ናቸው ብሎ ለዓለም አቀረበ። ቍጥሩ ሲታይ አንድ ባንድ የተቈጠረ ይመስላል። ክፍሎቹን ስትመለከት ግን በጦር ሜዳ 275,000፣ በአርበኝነት 78,500፣ ቤታቸው ተቃጥሎ በችግር 300,000 እያለ በተጠጋጉ ቍጥሮች የተደመረ ነው። በዚያ ጊዜ ከዚህ የተሻለ ማድረግ አይቻልም ነበር፤ መንግሥቱ ገና ከስደት ተመልሶ ቆሟልና አልነቅፈውም። የምጠይቀው ከዚያ ወዲህ ባለፈው ረጅም ዘመን፣ በያንዳንዱ ወረዳ፣ የሟቾቹን ስም የጻፈው ማን ነው ብዬ ነው።

አሁን ደግሞ ደስ ወደሚያሰኘው የምርመራ ክፍል ልውሰድህ፤ ተስፋ ተቈርጦበት የነበረ ድምፅ ባልታሰበ ስፍራ ይገኛልና። ወደ ፈረንሳይ የዘመቱት የሕንድ ወታደሮች የሚበዙት ማንበብና መጻፍ አይችሉም ነበር፤ ለቤታቸው ደብዳቤ የሚያጽፉት በሰው እጅ ነበረ። የእንግሊዝ መንግሥት ደግሞ ምን እንደሚባባሉ ለማወቅ ሰላይ ተርጓሚ አስቀምጦ ደብዳቤውን እየከፈተ ከፊሉን ወደ እንግሊዝኛ ያስገለብጥ ነበር። ደብዳቤዎቹ በየመንደሩ ጠፉ፤ የሰላዩ ግልባጭ ግን በለንደን ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ቀረ። ስለ ብርዱ፣ ስለ በሬያቸው ሽያጭ፣ ስለ ሚስቶቻቸው የጻፉትን ዛሬ የምናነበው ከዚያ ነው። እነርሱን ለመጠርጠር የተሠራው ሥራ ቃላቸውን አኖረልን።

በጀርመንም እንዲሁ ሆነ። በበርሊን አጠገብ ቩንስዶርፍ በሚባለው ስፍራ ሕንዶችና አፍሪካውያን ምርኮኞች የታሰሩበት ሰፈር ነበረ። የቋንቋ ሊቃውንት እነዚህን ምርኮኞች በሸክላ ማጫወቻ ቀንድ ፊት እያቆሙ ድምፃቸውን ቀረጹ። ሊቃውንቱ የፈለጉት የቃሉን አነጋገር እንጂ የሰውየውን ሐሳብ አልነበረም። ማል ሲንግ የሚባል ሕንዳዊ ምርኮኛ በዲሴምበር 1916 ዓ.ም. ሲናገር፣ ስለ ራሱ እንደ ሌላ ሰው አድርጎ፣ በአገሩ ቅቤ ይበላ እንደ ነበረና ወደ አገሩ መመለስ እንደሚፈልግ ገለጸ። ሸክላው ዛሬም በበርሊን በሁምቦልት ዩኒቨርሲቲ አለ። ቅቤውን መጥቀሱ ለኛ ለኢትዮጵያውያን ከሌላው ሕዝብ ይልቅ ይገባናል።

ጆን ቺሌምብዌን ደግሞ እወቀው። ዛሬ ማላዊ በሚባለው አገር የነበረ የወንጌል ሰባኪ ነው። በ1914 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ፣ አፍሪካውያን የነርሱ ባልሆነ ጦርነት ለምን ይሞታሉ ብሎ ለጋዜጣ ደብዳቤ ጻፈ። የጋዜጣው እትም እንዳይሰራጭ ታገደ። እርሱም በጃንዩዋሪ 1915 ዓ.ም. ዐመፅ አስነሥቶ በሚቀጥለው ወር ተገደለ። የደብዳቤው ቃል ግን ተርፎ እስከኛ ደርሷል፤ መልኩም በማላዊ ገንዘብ ላይ ታትሟል።

ዘፈንና ጭፈራም ለታሪክ ምስክር ይሆናል ብልህ አትገረም። በምሥራቅ አፍሪካ «ቤኒ» የሚባል ጭፈራ ነበረ። ስሙ «ባንድ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የመጣ ነው። ከጦርነቱ በፊት በሞምባሳና በላሙ የተጀመረ ሲሆን፣ አስካሪዎቹና ተሸካሚዎቹ ከዘመቻ ሲመለሱ በየአገሩ አሠራጩት። ጨፋሪዎቹ እንደ ወታደር ተሰልፈው፣ ጄኔራልና ንጉሥ ተብለው ማዕርግ ተሰጣጥተው፣ የነጮቹን ሰልፍ እያስመሰሉ ይጨፍራሉ። ቴሬንስ ሬንጀር የሚባለው የታሪክ ሊቅ በ1975 ዓ.ም. ስለዚህ አንድ መጽሐፍ ጽፏል። ይህ ማስመሰል አድናቆት ነው ወይስ ፌዝ? እኔ ሁለቱም ይመስለኛል፤ አለቃውን አስመስሎ የሚያስቅ አሽከር የአለቃውን አካሄድ ከማንም የበለጠ አጥንቶታልና።

ጦርነቱ ወደኛም አገር ጥላውን ጥሏል። ኢትዮጵያ ባትዋጋም ሁለቱም ወገኖች ሊስቧት ሞክረዋል። ሊዮ ፍሮቤኒየስ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በ1915 ዓ.ም. በቀይ ባሕር ተሻግሮ ኤርትራ ደርሶ ነበር፤ የኢጣልያ ሹማምንት ከዚያ መለሱት። የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የኢጣልያ ሌጋሲዮኖች በልጅ ኢያሱ ላይ የነበራቸው ጥርጣሬ፣ ልጅ ኢያሱ በኛ አቆጣጠር መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ምን ያህል እንደ ረዳ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ይህን ከመጽሐፍ ታገኘዋለህ።

ከመጽሐፍ ይልቅ በየቤቱ የሚገኘው ግን የኅዳር በሽታ ነው። የኤውሮፓ መድፍ ዝም ያለው በኛ አቆጣጠር ኅዳር 2 ቀን 1911 ዓ.ም. ነበረ። የወታደሮች መርከብና ባቡር በዓለም ሁሉ ያዳረሱት የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ በዚያው ወር አዲስ አበባን መታ። ራስ ተፈሪም ታመው ተረፉ። በከተማው የሞተው ሰው 10,000 ያህል እንደሚሆን ተገምቷል። መቃብር ቈፋሪ ጠፋ። አዲስ አበባ ኅዳር 12 ቀን በየዓመቱ ቆሻሻ እየሰበሰበች የምታጤሰው ስለዚህ ነው። በዚያ ጢስ ዓይኑ የሚያለቅስ ልጅ ሁሉ፣ ሳያውቀው፣ ከቬርደንና ከታንጋ ጋር ዝምድና አለው።

አያቴ በዚያን ጊዜ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበሩ። አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ስለ በሽታው ጠየቅኋቸው። ስንት ሰው ሞተ ብዬ ብጠይቅ ቍጥር ይነግሩኛል ብዬ ነበር። እርሳቸው ግን መቍጠሪያቸውን አስቀምጠው ከግቢው በር ጀምረው ወደ ውስጥ ገቡ፤ በዓይነ ሕሊናቸው ማለቴ ነው። ከበሩ አጠገብ ባለው ጐጆ የነበረውን ዘበኛ በስሙ ጠሩ። ቀጥለው እንጀራ ጋጋሪዋን፣ ቀጥለው ታላቅ ወንድማቸውን፣ እንደዚህ እያሉ በያንዳንዱ ደጃፍ ቆሙ። «ጻፍ» አላሉኝም፤ እኔ ግን በሒሳብ ደብተሬ ጀርባ ጻፍሁት። አያቴ ካረፉ ብዙ ዓመት ሆነ፤ ደብተሩ ግን አለ፤ ጠርዙን አይጥ በልቶታል።

ሰባት ስም ነው። ስድስቱ ከነክርስትና ስማቸው ተጽፈዋል። ሰባተኛዋ ሰማንያ ቀን ስላልሞላት ክርስትና ያልተነሣች የጋጋሪዋ ልጅ ነበረች፤ አያቴም ትንሽ ካሰቡ በኋላ «ሕፃኗ በላት» ስላሉኝ በሰባተኛው መስመር ላይ «ሕፃኗ» ተብሎ ተጽፏል።